የአባባን ዲኤክስ መብራት ላስተካከለልን ባለሙያ

እስቲ ዛሬ ሰው ላመስግን። በተለይ አሮጌ ቶዮታ ያላችሁ ሰዎች ይሄ ለእናንተ ነው፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የአባባ መኪና ኮሮላ ዲኤክስ ናት። እኔ ሳልወለድ የተሠራች፣ ከእኔ በላይ የምትወደድ። እኛን ትምህርት ቤት ያደረሰን በእሷ ነው፣ እናቴንም በመጨረሻዋ ጊዜ ሐኪም ቤት ያመላለሳት በእሷ ነው። ስለዚህ "ሽጣትና ቪትዝ ግዛ" የሚለው ምክር እኛ ቤት አይሠራም፣ ይቅርባችሁ። ችግሩ የፍጥነት መለኪያዋ ከሞተ ቆይቷል፣ የነዳጁ ቀስትም ሁሌ ግማሽ ላይ ነው። አባባ "እኔ በጆሮዬ ነው የምነዳው" ይላል። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፣ ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በጨለማ ለኪዳን ይወጣል። እኔ አላስችል አለኝና ሶማሌ ተራ ዞሬ ከሌላ ዲኤክስ የወጣ ሙሉ ጌጅ፣ ማለትም ከመሪው ፊት ያለውን የፍጥነትና የነዳጅ መለኪያ ሰሌዳ፣ ገዛሁ።

ሶኬቱ ልክክ ብሎ ገባ። ፍጥነቱም ነዳጁም ሠራ። የጌጁ መብራት ግን የለም። ማታ ጨለማ ነው።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን አበሳ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። የጋራዦቹን ስም አልጠራም፣ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ልጅ ሶኬቱን በፒንሳ ቆርጦ ጣለው፣ ሽቦዎቹን እርስ በርስ ጠመዘዘ፣ በፕላስተር ጠቀለለና "ይኸው በራልሽ" አለኝ። እውነትም በራ። መጥፋት ነው እምቢ ያለው። ቁልፉ ተነቅሎም ይበራል። እኛ ይህን መች አወቅን! ጠዋት ጠዋት ባትሪ እየሞተ ሰፈርተኛው መኪና ሲገፋልን ከረመ። ተመልሼ ብሄድ "ባትሪሽ አርጅቷል" ብለው አዲስ ባትሪ ሸጡልኝ። አዲሱም ሞተ። ነገሩን የደረሰበት የጎረቤት ዘበኛ ነው፤ "እትዬ፣ መኪናችሁ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አለ" ብሎ ነገረኝ።

ሁለተኛው ጋ ስሄድ ደግሞ "ባለቤትሽ ቢመጣ ይሻላል፣ ለሱ እናስረዳዋለን" ተባልኩ። ባል የለኝም። ቢኖረኝስ ከጌጅ መብራት ጋር ምን አገናኘው? ብቻ ሠሩት ተባለ። ማታ ፍሬቻ ሳሳይ ጌጁ አብሮ ድርግም ድርግም ይላል። ፊውዙም እየተቃጠለ አስቸገረ። ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ፊውዙን አውጥቶ በቦታው ሽቦ መጠቅለል ነበር፣ "ከእንግዲህ አይቃጠልም" ብለው። ብዙ ሳይቆይ መኪናው ውስጥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የዚያን ቀን ቁልፉን ከአባባ ደበቅኩት። ተኳርፈን አደርን።

ይሄን ሁሉ ምሬት ለአንድ የሜትር ታክሲ ሹፌር ስነግረው ነው ጎፋ አካባቢ ያለ አንድ ኤሌክትሪሺያን ጋ የላከኝ። ትንሽ ቤት ናት፣ ብታልፉባት አታዩዋትም። ሰውየው ገና መኪናዋን ሳያይ "አሮጌውን ጌጅ አልጣልሽውም አይደል ልጄ?" አለኝ። የኋላው ኮፈን ውስጥ ነበር፣ አወጣሁለት። ሁለቱን ጎን ለጎን ገልብጦ አስቀመጠና ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያቸው። ሶኬታቸው አንድ ይመስላል እንጂ የሽቦዎቹ ቦታ ይለያያል አለኝ። ቀሪውን ነግሮኛል፣ ኔጋቲቭ ምናምን ብሎኛል፣ እኔ እንኳን ላስረዳችሁ ለራሴም አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር አለ። በፊውዙ ቦታ የተጠቀለለውን ሽቦ አውጥቶ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ለካ የጌጁና የኋላ መብራቱ ፊውዝ አንድ ነው። "ጌጁ ድንገት ከጠፋ ወርደሽ ኋላውን እዪ፣ እሱም ጠፍቶ ይሆናል" አለኝ። እንግዲህ አባባ ፊውዙ ተቃጥሎ በወጣ ቁጥር በዚያ ጨለማ ያለ ኋላ መብራት ሲሄድ ነበር ማለት ነው።

ሠርቶ ጨረሰ። እኔ ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት "ቆይ፣ መብራት በቀን አይታይም። ሲመሽ ነይ፣ የሚነዱት አባትሽ ከሆኑ ደግሞ እሳቸውን ይዘሽ ነይ" አለኝ። ቤቱን ዘግቶ መሄድ ሲችል ጠበቀን እኮ! አባባን መሪው ጋ አስቀምጦ፣ ራሱ ጎኑ ተቀምጦ፣ "አባቴ ቁጥሩ ይታይዎታል? ዓይንዎን አይወጋዎትም?" እያለ ማደብዘዣዋን ቀስ እያለ አዞራት። አባባ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ "ሃያ፣ አርባ፣ ስልሳ" እያለ ጮክ ብሎ ያነባል። ነጩ ብርሃን ይወጋኛል ሲለው ጌጁን እንደገና ፈታ፣ ከአሮጌው አምፖሎች ላይ አረንጓዴዋን የጎማ ሽፋን እየነቀለ ለአዲሶቹ አለበሳቸው። ከዚያ ሰፈሩን አንድ ዙር አብረው ነዱ። ለዚህኛው ሥራ ተጨማሪ ብር ብሰጠው ተቆጣኝ። አባባ መርቆት አይጠግብም፣ እስኪ ልሂድ እያለው ይዞት ቆመ።

የከፈልኩት ከፊተኞቹ አንዱ "ለማየት" ብቻ ካስከፈለኝ ያንሳል። እውነቴን ነው። እባካችሁ ሂዱለት፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ሥራ ሊያጣ አይገባውም። ሴቶች በተለይ ሂዱ፣ ባል አይጠይቃችሁም። ቀስ ብሎ ስለሚሠራ የምትቸኩሉበት ቀን አትሂዱ፣ ስልክም ቶሎ አያነሳም፣ ደጋግማችሁ ደውሉ። ቁጥሩን እሱን ሳላስፈቅድ እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ከሱ ጋር አገናኛችኋለሁ። ጌጅ ልትቀይሩ ከሆነ ደግሞ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።