ስንዴ ወይስ ገንዘብ? ለተራበ ቤተሰብ የትኛው ይበጃል

በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለተቸገሩ የገጠር ቤተሰቦች ሁለቱንም ሲሰጥ ኖሯል፤ እህልም ገንዘብም።

ገንዘብ የሚያስመሰግነው ብዙ ነገር አለ። ከወደብ አይጓጓዝም፣ መጋዘን አይፈልግም፣ አይነቅዝም። እናት ለሕፃኗ ወተት፣ ለጓዳዋ በርበሬና ጨው በራሷ ምርጫ ትገዛበታለች። የአካባቢው ገበሬም ገዢ ያገኛል፤ የውጭ ስንዴ በገፍ ሲራገፍ ግን የእርሱ ምርት ዋጋ ሊወድቅ ይችላል።

ሆኖም ገበያው ሲከዳ ብሩ አቅም ያጣል። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ በክፍያው የሚሸመተው አነሰ፤ ብዙ ተረጂዎችም እህል ይሰጠን ማለት ጀመሩ። ልክ ነበሩ! ገበያው ቢንርም 15 ኪሎ ስንዴ ያው 15 ኪሎ ነው።

እህልም ከስርቆት አያመልጥም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ያለ አግባብ ተወስዷል ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ ሥርጭታቸውን ሲያቆሙ ጦሙን ያደረው ድሃው ነበር።

ገበያ ባለበት ወረዳ እኔ ገንዘቡን እመርጣለሁ፤ መጠኑ ግን የእህል ዋጋን እየተከተለ መስተካከል አለበት። ድርቅ ወይም ጦርነት ገበያውን ባራቆተበት ስንዴው ይቅደም፤ ያውም ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይበላሽ።