ላፕቶፓችሁ «ሞቷል» ከተባለ መጀመሪያ ቱሉ ዲምቱ ያሉትን ጋሼ ጠይቁ

ይህን የምጽፈው ላፕቶፕ የሚጠግኑትን ጋሼን ለማመስገን ነው። ላፕቶፕ ተሸክማችሁ ከሱቅ ሱቅ ለምትንከራተቱም ለመጠቆም።

ስራዬ ጌም መስራት ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አሁን ለልጆች ፊደልና ቁጥር የሚያስተምሩ የስልክ ጌሞች የሚሰራ ቡድን ውስጥ ተቀጥሬያለሁ። የተማርኩት ግን አካውንቲንግ ነው። ጌም የጀመርኩት ከስራ መልስ፣ ማታ ማታ፣ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ በሰጠችኝ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ያደፋፈረኝ የቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለው ጌም ነበር። ዶሮዋ እየሮጠች ስታመልጥ እያየሁ «ይሄን የሰሩት እኮ የኛው ልጆች ናቸው» እል ነበር።

ላፕቶፑ 4 ጊጋ ራም ብቻ ነበረው። ዩኒቲ የሚባለውን የጌም መስሪያ ፕሮግራም አይሸከምም፤ ማውረዱ ራሱ በሞባይል ዳታ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ጎዶት በሚባለው ሌላ የጌም መስሪያ ላይ ተማርኩ። ነጻ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ ደካማ ማሽን ላይም ይሰራል። ለጀማሪ ዛሬም የምመክረው እሱን ነው። (አማርኛው ባዶ ሳጥን እየሆነ ካስቸገራችሁ፣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ የግዕዝ ፎንት ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡ።)

የመጀመሪያ ጌሜን ለማሳየት ቀጠሮ በያዝኩበት ሰሞን ላፕቶፑ አስቸገረኝ። ጌሙን ሳስነሳ ፋኑ ይጮሃል፤ ከዚያ ድርግም። መሀል ከተማ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ሳይከፍቱት «ቦርዱ ሞቷል፣ ሌላ ብትገዢ ይሻልሻል» አሉኝና የሚሸጡትን አሳዩኝ። በደሞዜ የሚሞከር አልነበረም። ጌም የሚባለውን ነገር ልተወው ምንም አልቀረኝም።

ወደ ጋሼ የላከችኝ ጎረቤቴ ናት። ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር፤ አሁን ቂሊንጦ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላፕቶፕ ይዘው የሚመጡት እሳቸው ጋ ነው።

መጀመሪያ «ልጄ፣ ስራሽ ሌላ ቦታ ተቀምጧል?» ብለው ጠየቁኝ። ላፕቶፑን ሳይፈቱ ፕሮጀክቴን ወደ ፍላሽ አስገለበጡኝ። ከዚያ ጌሙን አስነስተው ሙቀቱን አዩ። 95 ዲግሪ ደርሶ ጠፋ። ፊቴ ፈቱት። ፋኑና የሙቀት መውጫው መሀል አቧራው ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። በወረንጦ ላጥ አድርገው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስትም ደርቆ ይፈረፈራል። «ሲግል የሚጠፋው ራሱን ለማዳን ነው። ቦርዱ ምንም አልሆነ» አሉኝ። ጠረጉት፣ አሮጌውን ፔስት በአልኮል አጸዱት፣ አዲስ ቀቡት።

እዚህ ላይ ነው ከሌላው የሚለዩት። ብዙ ቦታ ማሽኑ ከበራ «ይኸው ሰርቷል» ተብሎ ሂሳብ ይጠየቃል። እሳቸው ግን «የሚያጠፋውን ስራ እዚሁ አሰሪው» አሉኝ። ሻይ አዘዙልንና ጌሜን ስጫወት የሙቀቱን ቁጥር አብረን አየን። 70 አካባቢ ቆመ። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይቺን ገጸ ባህሪ አንቺ ነሽ የሳልሻት?» አሉኝ። ከቤተሰቤ ውጪ ስራዬን ያዩ የመጀመሪያ ሰው እሳቸው ናቸው።

ራሙንም ልቀይር፣ ሃርድ ዲስኩንም ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ልተካ ብል አልተስማሙም። «አሁን ኤስኤስዲውን ብቻ እናድርግ። ራሙን ስራ ስታገኚ ትመጫለሽ» አሉኝ። ለመሸጥ ቢፈልጉ ሁለቱንም እገዛቸው ነበር። የወጣውን ሃርድ ዲስክም «ኬዝ ግዢለት፣ ለመጠባበቂያ ይሆንሻል» ብለው መለሱልኝ። እስከዛሬ የስራዬን ቅጂ የማስቀምጠው እሱ ላይ ነው። ጌሙን በዚያው ላፕቶፕ ጨርሼ አሳየሁ፤ ስራውን ያገኘሁት በሱ ነው። በመጀመሪያ ደሞዜ ተመልሼ ራሙን አስገባሁ።

የማይችሉት ነገር ሲመጣ «ይሄ ከአቅሜ በላይ ነው» ይላሉ፤ የሚችል ሰውም ያውቃሉ። ስልክ ግን አይጠግኑም።

ስማቸውንና ቁጥራቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ከሰዓት ተማሪ ስለሚበዛ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ቻርጀራችሁንም ያዙ፤ አንዳንዴ ብልሽቱ እሱ ላይ ይሆናል።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።