ከፒሬየስ ወደ ቲኖስ፦ እናት ይዞ በመርከብ ለሚሄድ

አቴንስ እህት ወይም ልጅ ያለው የደሴ ሰው ሊጠይቃት ሲነሳ ከቪዛው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ወደ ግሪክ ደሴቶች ስለሚሄደው መርከብ ነው። ፈጣኑን እንያዝ ወይስ ትልቁን? ትልቁን ያዙ። እናት ይዛችሁ ወደ ቲኖስ የምትሄዱ ከሆነማ ለጥያቄም አይቀርብ።

ቲኖስ የማርያም ደሴት ናት። በእነሱ አቆጣጠር በ1823 የተገኘችው ሥዕለ ማርያም ያለችው እዚያ ነው፤ ግሪኮች በእነሱ ኦገስት 15 የፍልሰታን በዓል ሊያከብሩ በመርከብ ይጎርፋሉ። ያ ቀን በእኛ ነሐሴ 9 ነው። ስለዚህ እነሱ ሲፈስኩ እኛ ገና ጾም ላይ ነን፤ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ወደ ወደቡ መሄድ ቀላል ነው። በእነሱ አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ አቴንስ ወደብ፣ እስከ ፒሬየስ፣ ሜትሮ አለ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ወደቡ ሰፊ ነው፤ በሮቹ ከኢ1 እስከ ኢ12 ተበታትነው ይገኛሉ፤ የተሳሳተው በር ላይ ከወረዳችሁ ሻንጣ እየጎተቱ በፀሐይ መሄድ ነው። የበሩን ቁጥር ከዋዜማው አረጋግጡ። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ ቲኬቱ 7፡30 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡30 ነው፤ መርከቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

እኛ የሄድነው ብሉ ስታር በሚባለው ድርጅት ትልቅ መርከብ ነው። የመርከቡ የኋላ በር መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ከባድ መኪናው፣ ሞተር ሳይክሉ፣ እግረኛው ሁሉ በዚያው ይገባል። የጅቡቲ መስመር ሹፌሮቻችን ቢያዩት ደስ ይላቸዋል፤ ተሳቢ መኪና ወደ ኋላ እየነዱ ጠባብ ቦታ ላይ ልክክ ያደርጉታል። ሻንጣ የሚቀመጠው እዚያው መኪኖቹ ጋ፣ የየደሴቱ ስም የተጻፈበት መደርደሪያ ላይ ነው። እናቴ እሺ አላለችም።

«እማዬ፣ ማንም አይነካውም» አልኳት።

«የሰው አገር አይደለም እንዴ? አንተ በምን አወቅህ?»

ሻንጣው አብሮን ወጣ። ደግነቱ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ።

ርካሹ ቲኬት ቁጥር ያለው ወንበር የለውም፤ ያገኛችሁበት ትቀመጣላችሁ። ቀድማችሁ ከገባችሁ ጥሩ ቦታ አለ፤ ከዘገያችሁ ግን በበዓል ሰሞን ውጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ውጭው ግን ለእኔ ዋናው ነገር ነው። ጥላ ያለበትን፣ ከጭስ ማውጫው ራቅ ያለውን ጎን ያዙና ባሕሩን እያያችሁ ሂዱ። ጉዞው አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ እናቴ ግን አንዴም ደከመኝ አላለችም። መንገድ ላይ ባለችው ሲሮስ ደሴት መርከቡ መልህቁን ጥሎ፣ ዞሮ በጀርባው ሲጠጋ አጥሩን ይዛ ቆማ ነበር። ገመድ ተወረወረ፣ መርከቡ ገና ሳይቆም በሩ መውረድ ጀመረ፣ የሚወርደው ወረደ፣ የሚሳፈረው ተሳፈረ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሄድን። «ሹፌሩ ወደ ኋላ በምን ያያል?» ብላ አጠገቧ የነበሩትን ግሪካዊ አዛውንት በአማርኛ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም በግሪክኛ ረዘም አድርገው አስረዷት።

ምግቡ ላይ ቅር ብሎኛል። ካፌው ውድ ነው፤ የጾም ነገር ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ስፒናች ያለበት ኬክ ጾም ይመስላል፤ ውስጡ አይብ አለ። ወደቡ አጠገብ የሚሸጠውን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ ግዙ፤ ቆሎና በሶ ከቤት ከመጣላችሁማ ሌላ ምን ይፈለጋል።

ፈጣኑን በሌላ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ የድርጅቱን ስም አልጠራም። ዋጋው በጣም ይበልጣል፣ ዘግይቶ ተነሳ፣ ውጭ መውጫ የለውም፣ ማቀዝቀዣው አጥንት ይሰብራል። ማዕበል ሲመጣ ግማሹ ሰው የወረቀት ከረጢት ይዞ አጎንብሶ ነበር። በሐምሌና ነሐሴ ሜልተሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሳል፤ ሲበረታ የወደብ ባለሥልጣናቱ ጉዞ ያግዳሉ፤ ቀድመው የሚታገዱት ፈጣኖቹ ናቸው።

ቲኖስ ስትወርዱ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ነው፤ ለተሳላሚ ምንጣፍ ተዘርግቶበት በጉልበታቸው የሚወጡ ታያላችሁ። ግሸንን በእግሯ የወጣች እናት እዚህ ምንም አይገርማትም ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ከእነሱ ጎን በቀስታ ወጣች። ቅጥሩ ውስጥ የኤሊ መታሰቢያ አለ። ኤሊ የግሪክ የጦር መርከብ ነበረች፤ በእነሱ አቆጣጠር በ1940፣ በዚሁ በዓል ቀን፣ እዚያው ወደብ ላይ ቆማ ሳለ የጣሊያን ባሕር ሰርጓጅ መትቶ አሰጠማት። ደሴ በእኛ ኅዳር 1928 በጣሊያን አውሮፕላን ስትደበደብ የሆነውን ከአያቱ የሰማ ሰው እዚያ ቆሞ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። እኔም አልቻልኩም።

ለበዓሉ የምትሄዱ ከሆነ ቲኬት ቀድማችሁ ቁረጡ፤ ቶሎ ያልቃል። ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ። ስትመለሱ ደግሞ ከመርከብ ወርዳችሁ በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ የምትበሩበት ቲኬት አትያዙ፤ ነፋሱ አንድ ቀን ካገዳችሁ አውሮፕላኑ ያመልጣችኋል።