ጣት ላይ 99 ይል ነበር፦ ለሲያትል እሳት አጥፊ ፓራሜዲኮች ምስጋናና ጥቆማ

እግዚአብሔር ይስጥልን! ይህን የምንጽፈው በዕድራችን ስም ነው። ምስጋናው መብራት በጠፋበት በዚያ ብርዳም ምሽት ለመጡልን የሲያትል እሳት አደጋ መምሪያ ሠራተኞች ነው፤ አራት እሳት አጥፊዎችና ሁለት ፓራሜዲኮች (ለከባድ ድንገተኛ ሕመም የሠለጠኑ የሕክምና ባለሙያዎች)። ቤት ውስጥ ለማሞቂያ ካነደዱት ከሰል በወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ ታፍነው የነበሩ አንዲት አያት፣ ልጃቸው፣ ነፍሰ ጡር ምራታቸውና የ6 ዓመት የልጅ ልጃቸው ዛሬ በሕይወት አሉ። ቤተሰቡ ስማችን አይጠራ ስላለ አንጠራም። የእሳት አጥፊዎቹንም ስም አንጽፍም።

ከምስጋናው በፊት ግን ምሬቱ ይውጣልን። በዚያው ቀን ጠዋት አያትየውና ሕፃኑ ራስ ምታትና ማስመለስ ይዟቸው ወደ አንድ ክሊኒክ ተወስደው ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ወንበር ላይ ጠበቁ። ከዚያ ያቺ የደም ኦክስጅን የምትለካ ትንሽ መቆንጠጫ ጣታቸው ላይ ተደረገች፤ 99 በመቶ አለች። ሙቀት ተለካ፤ ትኩሳት የለም። «ፍሉ ነው፤ ሰሞኑን ያልያዘው ሰው የለም፤ ውኃ ጠጡ» ተብለው ክኒን ተሰጣቸውና ተሸኙ። ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ ሰው አለ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። መብራት ከጠፋ ወዲህ ቤታችሁን በምን እያሞቃችሁ ነው ያለም የለም። ወረቀቱ ላይ ደግሞ «ተሽሏቸዋል» ተብሎ ተጽፏል። እውነት ነው፣ ተሽሏቸው ነበር፤ ከቤቱ ወጥተው ንጹሕ አየር ሲተነፍሱ ቆይተዋላ! ከቤት ሲወጡ የሚሻላቸው፣ ሲመለሱ የሚብሳቸው ሰዎች ምን እንደነካቸው መጠርጠር የሐኪም ሥራ ነበር። ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ከሰል ተመለሱ። የክሊኒኩ የክፍያ ቢል ግን አልዘገየም።

ማታ ምራትየዋ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ባሏ 911 ደወለ።

በሲያትል አንድ ሰው ራሱን ሲስት ወይም ደረቱን ሲያመው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው የእሳት አደጋ መኪናው ነው። «እሳት መች ተነሣብን? አንቡላንስ ነው የጠራነው» ብለው የሚደናገጡ ወገኖች አሉ። አትደናገጡ። በዚያ መኪና ላይ ያሉት እሳት አጥፊዎች ሁሉ የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና አላቸው፤ ኦክስጅንና የልብ ምት መመለሻ መሣሪያ ይዘው ነው የሚመጡት። ጉዳዩ የከበደ ሲሆን ሜዲክ ዋን የሚባለው ክፍል ሁለት ፓራሜዲኮች ይዞ ይደርሳል፤ እነሱም መጀመሪያ እሳት አጥፊ የነበሩ፣ አሁንም እሳት አጥፊ የሆኑ ናቸው። ይህን አሠራር የሃርበርቪው ሆስፒታሉ የልብ ሐኪም ሌናርድ ኮብና የጊዜው የእሳት አደጋ አዛዥ ጎርደን ቪከሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የጀመሩት። የመጀመሪያው መኪና ከግዙፍነቱ የተነሣ «ሞቢ ፒግ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት እንደነበር ይነገራል። አንድ እሳት አጥፊ ፓራሜዲክ ለመሆን ከ2,000 ሰዓት በላይ በሃርበርቪውና በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እጅ ይሠለጥናል። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እነዚያን ነፍሶች ያተረፈው ሁለቱ ሙያዎች አንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ነውና።

ሆነ እንግዲህ፣ በሩ ተከፈተ። ከፊት የነበረችው ፓራሜዲክ ናት (አዎ፣ ሴት ናት፤ አያትየው እስከ ዛሬ ይደነቃሉ)። የሕክምና ቦርሳዋ ማንገቻ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ተንጠልጥላለች። እግሯ ደፉን ገና ሲረግጥ መሣሪያዋ ጮኸች። ይህች መሣሪያ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 35 እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን እንድትጮህ ትደረጋለች። ሌላ ሐኪም ቢሆን የወደቀችው ሴት ጋ ሮጦ ይንበረከክ ነበር፤ እሷ ግን ቆመች፣ ወደ ኋላ እጇን ዘረጋች፣ «ሁሉም ይውጣ!» አለች። እዚያው ተንበርክከው ማከም ቢጀምሩ ታካሚው ስድስት ሰው ሊጨምር ይችል ነበር። ሁለቱ እሳት አጥፊዎች የአየር ጭንብላቸውን አጥልቀው፣ ሲሊንደራቸውን ከፍተው ገቡና ምራትየዋን ይዘው ወጡ። ሌሎቹ ሕፃኑንና አባቱን ተቀበሉ። ሁሉም ነገር ያለ ጩኸትና ያለ ግርግር ነው የተደረገው።

አሁን ወደዚያ ወደ 99 እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ስለሆነ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ጣት ላይ የምትደረገው ተራ መቆንጠጫ ደግሞ በብርሃን ነው የምትለካው፤ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ኦክስጅን ከተሸከመው ለይታ አታየውም። ስለዚህ ሰውየው እየታፈነ 98 ወይም 99 ታሳያለች። ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው፤ አንዳንድ የእሳት አደጋ ቡድኖችም ለይቶ የሚለካ የጣት መሣሪያ ይይዛሉ። ፊቱ ቀላ ወይ ብላችሁም አትጠብቁ፤ መቅላት ቢመጣም እጅግ ዘግይቶ ነው። መለያው ሌላ ነው፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ አለ፤ ትኩሳት የለም፤ ቤተሰቡ በአንድ ላይ ነው የታመመው፤ ውጭ ሲወጡ ይሻላቸዋል። ፍሉ እንዲህ ሰዓት ጠብቆ ሁሉንም አንዴ አይጥልም።

ውጭ ደረጃው ሥር አያትየው ኦክስጅን አላስነካም አሉ። ነጠላቸው እቤት ቀርቷል፣ ፊታቸው በፕላስቲክ ሲሸፈን ደግሞ የሚታፈኑ መሰላቸው። ፓራሜዲኳ አልተቆጣችም፣ አላስገደደችም። መጀመሪያ ሌላ ጭንብል የራሷ ፊት ላይ አድርጋ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነፈሰችና አሳየቻቸው። ቀጥላ የሳቸውን ጭንብል በእጃቸው አስያዘቻቸው፣ ራሳቸው ፊታቸው ላይ እንዲያደርጉት። ስልኳን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ በመስመሩ ላይ የነበረውን አስተርጓሚ «እናቴ በልልኝ» አለችው። ከሰሉን ማን አቀጣጠለ፣ እንዴት እንዲህ ታደርጋላችሁ የሚል አንድ ቃል አልወጣትም። በዚህ አገር ስንቱ ቢሮ በር ላይ በተርታ የተሰደብን ሰዎች ይህን አንረሳውም። ፓራሜዲኳ ከሄደች በኋላም አንደኛው እሳት አጥፊ ነጠላውን ከቤት ይዞ ወጣ።

ሕክምናው ኦክስጅን ነው፤ ግን እንዲሁ በአፍንጫ የሚገባው ቀጭን ቱቦ አይደለም። ከረጢት ያለው ጭንብል ነው፣ በደቂቃ 15 ሊትር። ደም ውስጥ የገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተራ አየር ግማሹ ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በዚህ ጭንብል ወደ አንድ ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። በተጨማሪ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ አደረጉላቸው፣ ጋዙ ልብን ስለሚጎዳ፤ የወደቀችውን ደግሞ ስኳሯን ለኩ። ምራትየዋን በተመለከተ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ስልክ ደወሉ። የፅንስ ደም ጋዙን ከእናቱ ደም በላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ቀስ ብሎም ነው የሚለቀው፤ እናትየው ነቅታ እያወራች ፅንሱ ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ለነፍሰ ጡር ቀድሞ የሚታሰበው በግፊት ኦክስጅን የሚሰጥበት ክፍል ነው፤ ሲያትል ውስጥ ቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታል አለ። እዚያ ተወሰደች። ልጇም ጤነኛ ሆኖ ተወልዷል፣ ተመስገን።

የቀሩት እሳት አጥፊዎች ቤቱን አልተዉትም። ምድጃውን ከነፍሙ ይዘው ወጥተው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጡት። በየክፍሉ ለኩ፣ በመሣሪያው ላይ ዜሮ እስኪታይ በትልቅ ማራገቢያ አየር አስገቡ። ከዚያ ላይኛው ፎቅና ጎን ያለውን ቤት አንኳኩ። እኛ ግድግዳ ያግደዋል እንላለን፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የጂፕሰም ግድግዳን ሰርጎ ያልፋል። ላይኛው ቤት ሁለት ተማሪዎች «ራሳችንን አሞን ተኝተን ነበር» እያሉ ወጡ።

አሁን ወገኖቻችን፣ ስለ ከሰል። አገር ቤት ቤቱ ክፍተት አለው፤ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ንፋስ ይገባል፣ እንደዚያም ሆኖ በየዓመቱ ከሰል አፍኗቸው ሞቱ ሲባል እንሰማለን። የሲያትል አፓርታማ ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ የታሸገ ነው፣ መስኮቱ ድርብ ነው። «ጭሱ አልፎለታል፣ ፍም ብቻ ነው» የሚባለው ትልቁ ስሕተት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚበዛው ያለ ነበልባል እየጋመ ካለ ፍም ነው፣ ሽታም ቀለምም የለውም። መስኮት ገርበብ ማድረግ አያድንም። ጋራዥ ውስጥ ማድረግም አያድንም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 አውሎ ነፋሱ መብራት ባጠፋ ጊዜ በዚህ አካባቢ ከሞቱት ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ከሰልና ጄኔሬተር የተጠቀሙ ነበሩ፣ አብዛኞቹም እንደኛ ስደተኞች። ለቡናው ዕጣን ለማጨስ ያህል ትንሽ ፍም ቢሆን እንኳ በረንዳ ላይ ይሁን።

የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ ደወል ግዙ። በዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሚከራይ ቤት ሁሉ ይህ ደወል ሊኖረው ሕግ ያስገድዳል። የዚያ ቤት ደወል ግድግዳው ላይ ነበር፣ ግን ዕድሜው ካለፈ ቆይቷል፤ አከራዩ ሁለት ጊዜ ተነግሮት «እልካለሁ» ብሎ ቀርቷል። ደወሉን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ፣ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው። አራት ጊዜ ጮኾ ዝም የሚል ከሆነ ጋዝ ነው፣ ውጡ። ሦስት ሦስት ጊዜ የሚጮኸው የጭስ ደወል ነው። በየደቂቃው ጢክ የምትል አንዲት ድምፅ የባትሪ ናት፣ ባትሪ ቀይሩ እንጂ ነቅላችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ደግሞ ይህን እወቁ፦ ጋዙ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 70 እጅ ሲሆን ደወሉ ለመጮኽ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ሊወስድበት ይችላል፤ 400 ላይ ግን ከ4 እስከ 15 ደቂቃ። ስለዚህ ሰው ታሞ ደወሉ ዝም ቢል ደወሉን አትመኑ።

ከጮኸ ወይም ከተጠራጠራችሁ መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ ከዚያ ነው የሚደወለው። ፍሙ ላይ ቤት ውስጥ ውኃ አትድፉ፣ ምድጃ ለማውጣትም ተመልሳችሁ አትግቡ። 911 ስትደውሉ አድራሻውን አስቀድሙ፣ ቀጥላችሁ «አምሃሪክ» በሉና ስልኩን አትዝጉ፤ አስተርጓሚ እስኪገባ መስመሩ ፀጥ ሊል ይችላል። አፓርታማ ከሆነ የበሩን ኮድ ንገሩ፣ አንድ ሰው ታች ይውረድ። ሰው ወድቆ እንደሚያንኮራፋ ዓይነት ድምፅ ካሰማ «እየተነፈሰ ነው» አትበሉ፤ ልቡ የቆመ ሰው የሚያሰማው የጣር ትንፋሽ ሊሆን ይችላል። «ያጣጥራል» በሉ። ያን ጊዜ ደረት መጫን ያስጀምሯችኋል፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ እሳት አጥፊዎቹ እስኪደርሱ ሳታቋርጡ።

ገንዘብ ፈርታችሁ አትዘግዩ። እሳት አጥፊዎቹ መጥተው ስላዩአችሁ ቢል አይልኩም፤ ሜዲክ ዋን ሕዝቡ በድምፁ በሚያጸድቀው የንብረት ታክስ ነው የሚደጎመው። ቀላል ሕመም ሆኖ በግል አንቡላንስ ከተወሰዳችሁ ያኛው ያስከፍላል፤ ልዩነቱን እዚያው መጠየቅ ትችላላችሁ፣ አያፍሩባችሁም።

ልጆቻችሁንም አስቡበት። ሁሉም ነርስና ሶፍትዌር ብቻ መሆን የለበትም። የከተማው እሳት አጥፊነት ፈተና አለው፣ የአካል ብቃት አለው፣ የ24 ሰዓት ፈረቃ አለው፤ ከባድ ነው። አማርኛ የሚችል እሳት አጥፊ በዚያ ምሽት ደረጃው ሥር ቢኖር ግን ስልክ ባላስፈለገ ነበር።

አመስግኑ ስንል በአፍ ብቻ አይደለም። ለመምሪያው ቀኑን፣ ሰዓቱንና አድራሻውን ጽፋችሁ ብትልኩ ቡድኑ ጋ ይደርሳል። እኛ ልከናል። ቤተሰቡም በበኩሉ ባለፈው ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ይዞ ጣቢያው ድረስ ሄደ፣ አዲስ የተወለደውም ሕፃን ታቅፎ። ፓራሜዲኳ ሕፃኑን ተቀብላ ገና ስሙን እየጠየቀች ሳለ የጣቢያው ደወል ጮኸ። ልጁን ለእናቱ መለሰች፣ ሁሉም ተነሥተው ሮጡ፣ መኪናው ወጣ። አያትየው የተቆረሰውን ዳቦ መልሰው ገጥመው በጨርቅ ሸፍነው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላቸው።