ጎንደር ላይ ከድምፃውያን ጋር ፎቶና ፊርማ፦ ኩፖኑ ዋጋውን ያወጣል?

ከጥምቀት በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ፒያሳ አቅራቢያ ባለ የሆቴል አዳራሽ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ድምፃውያን አዲስ አልበማቸውን ለማስተዋወቅ ከአድናቂዎቻቸው ጋር ተገናኝተዋል። ኩፖን የያዘ ሰው የሚያገኘው ሦስቱም የፈረሙበት ፖስተር፣ አብሯቸው የሚነሳው ፎቶና ፊት ለፊት ሰላም የማለት ዕድል ነው። ኩፖኑ 400 ብር ይሸጥ ነበር፤ ስፖንሰር ከሆነው ሞባይል ቤት ስልክ ለገዛ ደግሞ በነፃ ይታደላል። ድምፃውያኑ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሰው አክባሪ ነበሩ፣ ሰልፉ ላይ የተጫወቱት አዝማሪዎች ድንቅ ነበሩ፣ አዘጋጁ ግን በእጁ የሌለውን ጊዜ ሸጧል።

እንዲህ ባለ ዝግጅት ላይ የሚሸጠው ሸቀጥ ሰከንድ ነውና ከሰከንዱ እንጀምር። የተሸጠውና የታደለው ኩፖን በድምሩ 240 ነው። ፕሮግራሙ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተብሎ፣ ከዚያ ውስጥ 15 ደቂቃ ለዘፈን ተይዟል። የሚቀረው 105 ደቂቃ፣ ማለትም 6,300 ሰከንድ ነው። ለ240 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 26 ሰከንድ ይደርሰዋል። አንድ አድናቂ ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ የሚፈጀውን ደግሞ ቁጠሩት፦ ወደ ፊት ለመጠጋት 5 ሰከንድ፣ ስልኩን ከፍቶ ለአስተናባሪ ለማቀበል 8፣ ቆሞ ፎቶ ለመነሳት 7፣ ሦስቱ በየተራ እስኪፈርሙ 18፣ ስልኩን ተቀብሎ ለመውጣት 5። ድምሩ 43 ሰከንድ ነው። በዚህ አካሄድ በ105 ደቂቃ የሚስተናገደው 146 ሰው ብቻ ሲሆን፣ 240ውን ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ሒሳቡ ውስጥ ሰላምታ እንኳ አልገባም። ጎንደር ላይ ሰው ሲገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ፣ ደኅንነት ተጠያይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው፤ ይህን ከግምት ያላስገባ አዘጋጅ ሰዓቱ ሁልጊዜ ይፈስበታል።

የሆነውም ይኸው ነው። እስከ 90ኛው ኩፖን ድረስ ሰው ሁሉ ለየብቻው ተነሳ፣ ዓይኑ እያየ ተፈረመለት። ከዚያ በኋላ ጊዜው ሲያጥር አምስት አምስት ሰው በአንድ ፎቶ መነሳት ጀመረ፤ ፖስተሩም አስቀድሞ ከተፈረመው ክምር እየተነሳ ተሰጠ። ያው 400 ብር ከፍሎ 130ኛ የሆነው ሰው 20ኛው ያገኘውን አላገኘም። ኩፖኑ ላይ ግን ለሁለቱም የተጻፈው ቃል አንድ ነው። ትልቁ ቅሬታችን ይህ ነው፤ ከጭልጋና ከደምቢያ ድረስ ለሚመጣ ወጣት የመሳፈሪያው ገንዘብም ቀላል አይደለም።

መድኃኒቱ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ሦስቱን ድምፃውያን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፖስተሩን ከግራ ወደ ቀኝ ማሳለፍ ነው። የመጨረሻው ለአንዱ አድናቂ ሲፈርም የመጀመሪያዋ ለሌላው እየፈረመች ስለሆነ፣ ሰልፉ ለፊርማ የሚቆመው 18 ሰከንድ ቀርቶ 6 ያህል ይሆናል። ሁለተኛው መድኃኒት ስልክ መቀባበልን ማስቀረት ነው። አንድ ፎቶ አንሺ ቋሚ ቦታ ይዞ፣ አድናቂው መካከለኛው ድምፃዊ ጋ ሲደርስ ያነሳዋል። ከእያንዳንዱ ሰው በፊት የኩፖኑን ቁጥር አንድ ጊዜ ካነሳ፣ ማታ ፎቶዎቹ ሲለዩ የማን የማን እንደሆነ ያለ ጭቅጭቅ ይታወቃል። ይህ ሁሉ ቢደረግም ከ200 በላይ ኩፖን መሸጥ ለሁለት ሰዓት ፕሮግራም ይከብዳል።

ሰዓቱን በተመለከተ ሌላም ጥፋት አለ። ማስታወቂያው ላይ የታተመው 2:00 የሚል ነው። ፖስተሩን የሠራው ሰው የፈረንጅ አቆጣጠር ተከትሎ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቱ ነበር፤ አንባቢው ግን እንደ አገሩ አነበበና ከጠዋቱ 2 ሰዓት በር ላይ የቆመ ሰው ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ! ለጎንደር ሰው የሚጻፍ ማስታወቂያ ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ በፊደል መጻፍ አለበት። ዝግጅቱም የተጀመረው 8:35 ላይ ነው። ድምፃውያኑ የገቡት በዚያው ቀን ነበር፣ ከአዘዞው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ፒያሳ ያለው መንገድ ደግሞ በጥምቀት ሰሞን በእንግዳ መኪናና በባጃጅ ይጣበቃል። በዝግጅቱ ዋዜማ መግባት ነበረባቸው። አልጋ የሚወደድበት ሰሞን ቢሆንም የሦስት ሰው አልጋ ከ240 ሰው ቅሬታ ይረክሳል።

በር ላይ የተፈጠረው ግርግር መነሻው የኩፖኑ ቁጥር ነው። የሚሸጠው ጥራዝና ሞባይል ቤቱ የሚያድለው ጥራዝ ሁለቱም ከ1 ጀምረው ስለታተሙ፣ 57 ቁጥርን የያዙ ሁለት ሰዎች ሊኖሩ ግድ ሆነ። አስተናባሪዎቹ በመጨረሻ የገዙትን አስቀድመው የታደሉትን አስከትለው አስገቡ። ፍርዱ ልክ ነው፣ ግን የተነገረው ሰው ተሰልፎ ከቆየ በኋላ ነው። አንዱ ጥራዝ ከ201 ቢጀምር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። በር ላይ በቴሌብር የከፈሉም ተቸግረዋል፤ ብዙ ሰው ባንድ ቦታ ተሰብስቦ ኔትወርክ ሲጨናነቅ የማረጋገጫው መልእክት ይዘገያል። ቀደም ብሎ ከፍሎ ስክሪንሾት ይዞ መሄድ ይሻላል።

አሁን ወደ ደጉ ነገር። ሰልፉ ላይ ሁለት አዝማሪዎች ማሲንቆ ይዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሱ ነበር። ስም እየጠየቁ፣ የለበሰውን እያዩ፣ የመጣበትን ሰፈር እየጠሩ ግጥም ይደረድራሉ፤ ሰልፈኛው ግጥም ይቀበላል፣ ትከሻው አላስችል ያለው እስክስታ ይወርዳል። ስፒከር የለ፣ መድረክ የለ፤ ሰው ግን አንድ ሰዓት መቆሙን የረሳው በእነሱ ነው። አዝማሪ የሞላበት አገር ላይ ዲጄ ከአዲስ አበባ ማምጣት ምን ያደርጋል? አዘጋጁ ይህን በማሰቡ ሊመሰገን ይገባል። ማስተካከል ያለበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ብር ግንባራቸው ላይ ለመለጠፍ ከተራው ሲወጣ ሰልፉ ይበጠሳልና ገመዱን አንድ ሜትር ያህል አስፍቶ መዘርጋት ነው።

የድምፃውያኑ አቀባበል ልብ የሚያሞቅ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እናት ሲቀርቡ ሦስቱም ከወንበራቸው ተነስተው ጉልበት ሊስሙ ዝቅ አሉ። መድረክ መሪው ግን እኒህኑ እናት በማይክሮፎን «አንቺ» ሲላቸው አዳራሹ ጸጥ አለ። በከተማ ወግ ለመቀራረብ ብሎ እንደሆነ ይገባናል፤ እዚህ ግን በዕድሜ የገፋ ሰው «እርስዎ» እና «እማማ» ነው የሚባለው። ከሌላ ከተማ የሚመጣ መድረክ መሪ ይህን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ፍተሻው ላይ ሽማግሌዎች ዱላቸውን አስረክበው የቁጥር ካርድ መቀበላቸው፣ ሲወጡም ዱላቸው ሳይቀያየር መመለሱ በደንብ የታሰበበት ሥራ ነው።

ፖስተሩ ወፍራምና አንጸባራቂ ወረቀት ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ቀለም ቶሎ አይመጥም። ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ማርከሮች ሁለቱ በውኃ የሚለቁ ዓይነት ስለነበሩ፣ ወዲያው የተጠቀለለ ፖስተር ላይ ፊርማው ተንሸራቶ ጥቁር ጭረት ሆኗል። የማይለቅ ማርከር ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፖስተሩ ጠቆር ያለ ከሆነ ነጭ ወይም ብርማ። ከተፈረመ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ዘርግታችሁ ያዙት፣ ስትጠቀልሉም የተጻፈበት ወደ ውጭ ይሁን። መጠቅለያ ቱቦ አልተሰጠም፣ ባጃጅ ውስጥ የታጠፈ ፖስተር ደግሞ ብዙ ነው። ቲሸርት ላይ ማስፈረም የፈለገ ከሥሩ ካርቶን ያስገባ፤ ጨርቅ ካልተወጠረ ብዕሩ ይጎትተዋል። እስክሪብቶ ፖስተሩን ይቧጭራል እንጂ አይጽፍም።

መንገድ ላይ የተቀዳ ፍላሽ ይዘው ሊያስፈርሙ የመጡም ነበሩ። ድምፃውያኑ ማንንም አላሳፈሩም፣ ግን ነገሩ ያሳዝናል። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሙዚቃ ቀድቶ መሸጥ በዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። ዋናው አልበም በሩ ላይ ይሸጥ ነበር፤ እሱን ገዝቶ ሽፋኑን ማስፈረም ለዘፋኙም ለአድናቂውም ክብር ነው።

ስጦታ የሚወስድ ሰው ቀላልና የማይፈስ ይምረጥ። ነጠላና የአንገት ልብስ የያዙት ወዲያው ትከሻቸው ላይ ሲያለብሷቸው ፎቶውም አምሯል። በማሰሮ የመጣላቸውን ማር ግን ድምፃውያኑ በአውሮፕላን ተመላሽ ናቸውና እዚያው ለሆቴሉ ሰው አደራ ብለው ሄደዋል።

ፎቶው ላይ ሁለት ችግር ታይቷል። ከኋላ የተሰቀለው ባነር የሚያብረቀርቅ ስለነበር ፍላሽ ሲበራ ነጭ ክብ ወጥቶበታል፤ ስልካችሁን ስትሰጡ ፍላሹን አጥፉት። በስተግራ በኩል ያለው ሰፊ መስኮት ደግሞ የከሰዓት ፀሐይ እያስገባ ፊት ያጠቁራል፣ ከተቻለ በቀኝ በኩል ቁሙ። ሰልፉ ላይ ሳላችሁ የካሜራውን መስታወት ጥረጉ፣ ቦታ የሞላ ስልክ ከሆነ አራግፉት፣ ካሜራውን ከፍታችሁ ወደ ኋለኛው ቀይሩት። ስልክ በቁልፍ ተዘግቶ ተቀብለው እስኪመልሱት ድረስ የባከነው ጊዜ ከናንተው ሰከንድ ላይ ነው የሚቀነሰው።

የቡድን ፎቶዎቹን አዘጋጁ በቴሌግራም ነው የሚልከው። በተራ ፎቶነት የተላከ ምስል ይጨመቃልና ለማሳተም ከፈለጋችሁ በፋይል መልክ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁም የኩፖናችሁን ቁጥር፣ የተገዛ ወይም የታደለ መሆኑንና የነበራችሁበትን ልብስ ቀለም ጻፉ፤ ቁጥሩ ተደግሟልና በቁጥር ብቻ የተላከ ጥያቄ የሌላ ሰው ፎቶ ይዞ ይመለሳል።