«የቤት ዕቃ ሻጋታ ከሥሩ እናጠፋለን» ለሚሉ ሰዎች ከመክፈላችሁ በፊት

ክረምቱ ሲወጣ ደብረ ብርሃን በምንኖርበት ሰፈር «የሶፋና የቁም ሳጥን ሻጋታ ከሥሩ እናጠፋለን» የሚሉ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ከብዙ ሰው ገንዘብ ተቀብለዋል፤ ከጎረቤቶቻችን በአንዱ ቤትም ቁም ሳጥንና ሶፋ ሠርተዋል። ዕቃዎቹን በቅርብ ስመለከታቸው የተሠራው ሻጋታ የማጥፋት ሳይሆን ሻጋታን በቫርኒሽ የመሸፈን ሥራ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሌሎች የሰሜን ሸዋ ነዋሪዎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ሠራተኞቹ ሽታው በረኪና መሆኑን የሚያሳብቅ ፈሳሽ ይረጫሉ፤ ጥቁሩ ነጠብጣብ ወዲያው ይነጣል፤ እንጨቱ ገና ሳይደርቅም ቫርኒሽ ይቀቡታል። ባለቤቱ የሚያየው የሚያብረቀርቅ በር ብቻ ነው። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ስበን ስናየው ግን የጀርባው ስስ ጣውላ ጨርሶ አልተነካም፤ ግራጫው ሻጋታ እንደ ጥጥ ብናኝ ተለጥፎበት ይታያል፤ ከታች በኩል ያለው ቺፑድ ውሃ ጠጥቶ አብጦ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። በሩ ላይ ያለውን አዲሱን ቫርኒሽ በሚስማር ጫፍ ጫር ስናደርገው ደግሞ ከሥሩ ያለው እንጨት አሁንም እርጥብ ነበር።

በረኪና የሻጋታውን ቀለም ያነጣዋል እንጂ እንደ እንጨትና ቺፑድ ባለ ፈሳሽ በሚመጥ ነገር ውስጥ ሰርጎ የገባውን ሥሩን አይደርስበትም፤ ክሎሪኑ ላይ ላዩን ሲቀር አብሮት ያለው ውሃ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ይህም ሻጋታው የሚፈልገውን እርጥበት ይጨምርለታል። እርጥብ ሆኖ የቆየ ዕቃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሻጋታ ማብቀል ሊጀምር ይችላል። የሶፋው ጉዳይ ከዚህም ይብሳል፤ ስፖንጁ ውስጡ ከሻገተ ከላይ የሚረጭ ምንም ነገር አያድነውም፣ ስፖንጁን ማስቀየር ነው የሚያዋጣው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ፈሳሹ ነው። አንዳንዶቹ «እንዲጠነክር» በማለት በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ይቀላቅላሉ። በረኪና ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው ጋዝም ሳንባን ይጎዳል። ሕፃን ወይም የአስም ሕመምተኛ ባለበት በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህን እንዲያደርጉ ፈጽሞ አትፍቀዱ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስለሆነች፣ በሐምሌና በነሐሴ ከድስት የሚወጣው እንፋሎትና ቤት ውስጥ የተሰጣው ልብስ እርጥበት የቀዘቀዘው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። (ቁልቁል በሞቃታማው ሸዋ ሮቢት የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው የዚያን አገር ቁም ሳጥን ቢያይ ይቀናል።) ስለዚህ የሚያፈስ ጣሪያ ሳይደፈን፣ ዕቃውም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ሳይርቅ የሚደረግ ጽዳት ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው። ጥሩ ጠንካራ እንጨት ከሆነ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ደጅ አውጥቶ መቦረሽ፣ በሳሙና ውሃ ተነክሮ በተጨመቀ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያም ፀሐይና ነፋስ ላይ እስኪደርቅ ማቆየት ይበቃዋል። ያበጠ ቺፑድ ግን ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ «እንመልሰዋለን» የሚል ሰው ካለ አትመኑት።

የግድ የምታሠሩ ከሆነ ደረሰኝ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ሥራው ያለ ክፍያ እንዲደገምለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እነዚህ ሰዎች ግን ደረሰኝ የላቸውም፣ አድራሻም አይሰጡም፤ ቫርኒሹም ከሥሩ ያለውን ሻጋታ ደብቆ 15 ቀኑን በቀላሉ ሊያሳልፈው ይችላል። ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ አትስጡ፤ ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊትም የዕቃውን ጀርባና ታች አስገልብጣችሁ እዩ።

በዚህ መንገድ የተቀባ ዕቃ ያገለገለ ተብሎ ለገበያ ሊቀርብም ይችላል። ቁም ሳጥን ወይም ቡፌ የምትገዙ ሰዎች መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ጎትታችሁ አውጡና ውስጡን አሽትቱ፤ አዲስ ቫርኒሽ የተቀባው ፊቱ ብቻ ከሆነና ውስጡ የሻጋታ ሽታ ካለው፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙት።