ሂት ኤግዞስሽን ወይስ ሂት ስትሮክ?

ሁለቱም የእንግሊዝኛ ቃላት ከሙቀት ጋር የተያያዙ ናቸው። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው።

ሂት ኤግዞስሽን የያዘው ሰው ሙቀት ያዛለው ነው። በላብ ይጠመቃል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ስታናግሩት ግን በደንብ ይመልሳል። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ውሃ ቀስ እያለ ይጠጣ። አብዛኛውን ጊዜ ይሻለዋል።

ሂት ስትሮክ ላይ ስሙ ራሱ ያሳስታል። እኛ ስትሮክ ስንል ግማሽ አካልን የሚያሽመደምደውን የአንጎል ሕመም ነው። ይሄኛው ሌላ ነው፤ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ አቅቶት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። «ላብ ከቆመ ሂት ስትሮክ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እሱን ብቻ አትመኑ፤ ፀሐይ ላይ ሲሠራ የወደቀ ሰው እያላበውም ሊይዘው ይችላል። እኔ የማየው ንግግሩን ነው። «ያለኸው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከቀባጠረ ወይም ከተደነባበረ አምቡላንስ ጥሩ፤ እስኪመጣ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት። ስልክ ላይ ታዲያ «ስትሮክ» ብቻ አትበሉ፣ «ሂት» የምትለዋን ጨምሩ።

ፊቨር፣ ማለትም ትኩሳት፣ መስሏችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጡት። ለዚህ አይሠራም።